ጣሪያ ላይ ሦስት ሳይክል፦ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በኤሌክትሪክ መኪና

ማክሰኞ ማታ፣ አዲስ አበባ

ነገሩን የጀመረው ጋሼ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጡረታ እንደወጣ ለልጄ አንድ ቃል ገብቶለት ነበር፤ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ሀዋሳ ወስዶ በሳይክል ሊያዞረው። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የተገባ ቃል አይረሳም። ጋሼ ደግሞ የኪራይ ሳይክል የሚነዳ ሰው አይደለም። ከወጣትነቱ ጀምሮ የኖረችውን የብረት ሳይክሉን ካልያዘ ከቤት አይወጣም። አውቶቡስ ላይ ማስጫን ይቻል ነበር፤ እሱ ግን "የኔን ሳይክል ከሽንኩርት ጆንያ ጋር?" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ዕዳው በኔ መኪና ላይ ወደቀ።

መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ በኋላ እኔም እንደ ብዙ ሰው አሮጌዋን ሸጬ ከቻይና የመጣች ገዛሁ። ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሻጩ "በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር" ብሎኝ ነበር። እሱ የቻይኖቹ መለኪያ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እየቆመ እየተነሣ ለሚሄድ መኪና የሚደላ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ 400 አገኛለሁ፤ ቅሬታ የለኝም። ከከተማ ወጥቼ ግን ከአዳማ አልፌ አላውቅም። ጣሪያዋ ላይም ከአቧራ በቀር የጫንኩት ነገር የለም።

ፖርቶመጋላውን፣ ማለትም ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛውን ብረት፣ ከሶማሌ ተራ ገዛን። የሳይክል መያዣዎቹን እዚያም አላገኘንም፤ አሜሪካ ያለች የአጎታችን ልጅ በሰው ላከችልን። የመኪናዋ መመሪያ በቻይንኛ ስለሆነ ልጄ በስልኩ እያስተረጎመ አነበበልን፤ ጣሪያው ከ75 ኪሎ በላይ አይጫንበትም ይላል። ጣሪያው መስታወት ነው፤ ሸክሙን የሚይዙት ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ሐዲዶች ናቸው። ጋሼ ሳይክሎቹን እየገፋ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ወሰዳቸውና በእህል ሚዛን አስመዘናቸው። የሱ 13፣ የልጁ 14፣ የኔ 15። ፖርቶመጋላውና መያዣዎቹ 16። ድምሩ 58 ኪሎ መጣ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ሳይክል መዝኖ አያውቅማ።

ማታ አስረን ስንጨርስ ጋሼ በሜትር ለካ። ከመሬት እስከ ረጅሙ ሳይክል ጫፍ 2 ሜትር ከ72። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ መሪው አጠገብ ለጠፈልኝ። "ይቺን እንዳትረሺ" አለኝ።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ – ባቱ

1 ሰዓት ላይ ወጣን፤ ባትሪው 100። ቃሊቲን ከነጭንቅንቁ አልፈን ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ያዝን። መግቢያው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና "ውድድር አለ እንዴ?" አለች። ጋሼ "አዎ፣ ከባትሪ ጋር" አላት።

ፍጥነቴ 80 አልፎ ወደ 90 ሲጠጋ ከላይ አንድ ድምፅ ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ እየወፈረ፣ 100 ላይ ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ልጄ "እማዬ፣ ጣሪያው ላይ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ጭነናል" አለ። ዳር ይዤ አደጋ ማሳያውን አብርቼ ቆምኩ። የሳይክሎቹ ድምፅ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ወርዶ እያንዳንዱን በእጁ ወዘወዘ፤ ንቅንቅ የለም። ከዚያ የፖርቶመጋላውን የፊት ብረት ዳሰሰና ሳቀ። ለስላሳ ክብ ብረት ነፋስን በእኩል እየቆረጠ ስለሚለቀው ያፏጫል፤ የስልክ እንጨት ሽቦ በነፋስ እንደሚያንጎራጉረው። ከኮፈኑ ስር የነበረውን የናይለን ገመድ አውጥቶ ብረቱ ላይ እንደ እባብ ጠመዘዘው፤ በየአንድ ስንዝሩ አንድ ዙር። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ተነሥተን 100 ስንገባ ዝም።

እስከ ሞጆ ያለው ቁልቁለት ደግ ነው። አዲስ አበባን በ2,300 ሜትር ከፍታ ትተን ሞጆ ከ1,800 በታች ወረድን። ሰውና ሳይክል የጫነች ከሁለት ቶን ያለፈች መኪና ያን ያህል ስትወርድ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አብሯት ይወርዳል። የነዳጅ መኪና ብትሆን ያንን በፍሬን ሸራ አቃጥላ አየር ላይ ትለቀው ነበር፤ እሷ ግን እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ሞተሯን ጄኔሬተር አድርጋ ወደ ባትሪው ትመልሳለች፣ ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን። ሞጆ ስንደርስ 82 በመቶ። "አየህ" አልኩት ጋሼን፤ "ምን ያስፈራል?"

ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ግን መንገዱ ሜዳ ነው፤ የሚመልስልሽ የለም። በ100 ነዳሁ። ስክሪኑ በ100 ኪሎ ሜትር 23 ኪሎዋት ሰዓት አሳየኝ። አዲስ አበባ 15 ነበር የለመድኩት። እስከ መቂ ባሉት 57 ኪሎ ሜትሮች ባትሪው ከ82 ወደ 60 ወረደ። ልጄ ከኋላ ወንበር ሒሳቡን ጮክ ብሎ ይሠራል፤ እንዲህ ከሄድን ሀዋሳ የምንገባው ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንደሆነ ነገረን።

ያን ጊዜ ጋሼ ተናገረ። ወጣት ሳለ በክለብ የሚወዳደር ሳይክለኛ ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ብዙውን ጊዜ አንዱን ጆሮዬን ነው የምሰጠው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም እንደነበሯት፣ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን ያወራው ስለ ነፋስ ነው።

"ሳይክለኛ ከዳገት ይልቅ ምን ይፈራል? ነፋስ። በሃያ ስትሄጂ አይታወቅሽም። በአርባ ስትሄጂ እጥፍ አይደለም የሚገፋሽ፣ አራት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው አንገታችንን የምንደፋው፣ ለዚህ ነው ከሰው ጀርባ የምንደበቀው። አንቺ አሁን ሦስት ሳይክል ቀጥ አድርገሽ አቁመሽ፣ ማንም ሳይጋርዳቸው፣ በመቶ እያስሮጥሻቸው ነው። ባትሪው ምን ያድርግ?"

ወደ 80 አወረድኩት። 18። ከመቂ ባቱ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ 11 በመቶ ብቻ በላ። ቅድም በዚያው ሒሳብ ብቀጥል 14 ይፈጅ ነበር። አንድ አይሱዙ ቲማቲም ጭኖ ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈን፤ ሲያልፍ ሳይክሎቹ አንዴ ተንቀጠቀጡ፣ እኔም አብሬ። ልጄ "ከሱ ጀርባ ተደበቂ!" አለ። በሳይክል ያምራል፤ በመኪና ከጭነት መኪና ጭራ ስር መግባት ግን ሞት መለመን ነው። አልኩት።

ባቱ 49 በመቶ ይዘን ገባን። ሀይቁ ዳር ምግብ አዘዝን፤ እኔ ረቡዕ ነው ብዬ ሽሮ፣ ጋሼ "አሳ እኮ ደም የለውም" ብሎ አሳ ለብለብ። ይህ ክርክር ቤታችን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም አላለቀም።

ፔንሲዮን ይዘን ቻርጀሩን ግቢ ውስጥ ካለ ሶኬት ሰካሁት። ቀይ መብራት። ሌላ ሶኬት፤ ቀይ። ሦስተኛው፤ ቀይ። የቤቱ ባለቤት አንድ ወጣት መብራት ሠራተኛ ጠሩልን። ወጣቱ በቴስተር ለካና "ኧርዝ የለውም" አለ። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛው ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ለጌጥ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይህን አይጠይቁም፤ የመኪና ቻርጀር ግን መሬት የሚወርድ ሽቦ ካላገኘ አልሠራም ይላል፣ ሰው እንዳይዝ። "መፍትሔ አለው" አለ ልጁ። አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን የፌሮ ቁራጭ አምጥቶ አትክልቱ ጥግ፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነበት፣ በመዶሻ ቀጠቀጠና አስገባት፤ ጫፏ አንድ ጋት ብቻ ቀረ። ዙሪያዋን ቆፈር አድርጎ ከወጥ ቤት ያስመጣውን ጨውና ከሰል ነሰነሰበት፤ አንድ ጀሪካን ውሃ ደፋበት። ከዚያ ከፌሮዋ አናት ሽቦ ስቦ ሶኬቱ ላይ አሰረ። ሰካሁ። አረንጓዴ። ባለቤቲቱ "ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት ያለ ኧርዝ ነው የኖርነው?" አሉ። ልጁ መልስ ሳይሰጥ ካቻቢቴውን ወደ ኪሱ ከተተ። ከቆጣሪው ያነበብነውን ከፈልን፤ ጨውና ከሰሉን በነፃ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት እየተንጠባጠበ መግባት ጀመረ። ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ሄደ። መሄዱን ያወቅኩት የጎረቤት ወፍራም ጄኔሬተር ሲነሣ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እኔ ባቱ ላይ የምፈልገው ሁለት ኪሎዋት ነበር። ጉልበቱ አገር ውስጥ አለ፤ ግድግዳው ድረስ የሚያመጣው ሽቦ ነው የሚያነሰው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሶ መጣ።

ሐሙስ፣ ባቱ – ሀዋሳ

77 በመቶ ይዘን ተነሣን። ላንጋኖን ለማየት ስለፈለግን በአሮጌው መንገድ ነው የወረድነው። አሮጌው መንገድ ለባትሪ እንደሚስማማ ያወቅኩት ዛሬ ነው፤ ጋሪው፣ አህያው፣ ከብቱና የፍጥነት መቀነሻው ተባብረው ከ70 በላይ አያስነዱሽም። 16 ተኩል። ደግሞ በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ በስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሚገፋን ነፋስም በዚያው ልክ ቀሏል። ጋሼ ይህን ሲሰማ "ለዚህ ነው በኛ አገር የለመደ እግር ቆላ ሲወርድ ነፋሱ የሚከብደው" አለ። ሳንባስ? ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ተውኩት።

ቡልቡላን ተሻገርን፤ ባቱ ዳር ያለውን የዝዋይ ሀይቅ ውሃ ወደ አብያታ ሀይቅ የሚያወርደው ወንዝ ነው። ላንጋኖ እንደ ሁልጊዜው ሻይ በወተት መስሏል፤ ልጄ ዋኘ። አብያታና ሻላ ጋ ሰጎኖቹን ከአጥር ማዶ አየናቸው። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ኮረብታማና ድንጋያማ ሆኖብኝ፣ የባትሪዋ ሆድ መሬት እንዳይነካ ፈርቼ አልገባሁም። አብያታ ልጅ ሆነን ካየናት በጣም ሸሽታለች፤ ውሃዋን ወደ እርሻውም ወደ ሶዳ አሽ ፋብሪካውም ሲወስዱባት ኖረው ዳርቻዋ ነጭ ጨው ሆኖ ቀርቷል። ጋሼ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየ፤ እኔም አላጣደፍኩትም።

ሻሸመኔ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ በባጃጅ ተከበን ቆምን። የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ባትሪ አይጨርስም፤ የነዳጅ መኪኖቹ ሲያጓሩ እኛ በዝምታ ነበርን። ይህን ያህል ልመካ።

ሀዋሳ 12 ሰዓት ገደማ፣ 45 በመቶ ይዘን ደረስን። የያዝነው የእንግዳ ማረፊያ ከሀይቁ አንድ ሁለት መንገድ ገባ ያለ ነው። ደክሞኛል። መሽቷል። ልጄ ስለ እራት እየጠየቀኝ ነው። ጥበቃው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና በእጃቸው ግቢ ግቢ አሉኝ። ገባሁ።

ድምፁን ልገልጸው አልችልም። ብረት በብረት ሲታሽ፣ ከዚያ አንድ "ቀው!"። ከበሩ በላይ የማረፊያውን ስም የተሸከመ አግዳሚ ብረት ነበረ። ጥበቃው "ኧረ ሳይክሉ! ኧረ እትዬ ሳይክሉ!" እያሉ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። መሪው አጠገብ ያለችው ወረቀት ፊት ለፊቴ ነች፤ 2 ሜትር ከ72። አግዳሚውን በኋላ ጋሼ ለካው። 2 ሜትር ከ60።

ከሦስቱ ረጅሟ የኔው ሳይክል ነበረች፤ መጀመሪያ የተመታችው እሷ ናት። ኮርቻዋ ወደ ኋላ ተገንድሶ፣ የያዛት መያዣ ከነእግሩ ተጣሞ፣ ፖርቶመጋላው ወደ ኋላ አራት ጣት ያህል ተንሸራቷል። መስታወቱ ተርፏል። የጋሼ ሳይክል ምንም አልሆነችም፤ እሱ ግን መጀመሪያ እሷን ነበር የዳሰሰው፣ ከዚያ መስታወቱን፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "ሰው ነሽ" አለኝ። ይህ ከቁጣው ይብስ ነበር። ጥበቃውን ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸው ግን እራት እስክንበላ ድረስ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ቀና ብዬ ባይ ኖሮ" ይሉ ነበር።

ዓርብ፣ ሀዋሳ

የጠዋቱ ሥራ በያጅ መፈለግ ሆነ። ሀዋሳ ሳይክል የኖረባት ከተማ ናት፤ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ ሳይክል የሚጠግን ሰው ጥላ ስር ተቀምጦ አይጠፋም። ኮርቻዬን አንድ ወጣት በአሥር ደቂቃ አቃናው። መያዣው ግን አልሙኒየም ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ብየዳ ቤት ባለሙያው አየት አድርጎ "ይሄ በኔ ማሽን ይቀልጣል እንጂ አይጣበቅም" አለን፤ እውነቱን ስለነገረን አመሰገንኩት። ሁለተኛው አልበየደም። ወፍራም ላሜራ ቆርጦ፣ የተጣመመውን እግር በጉጠት ቀስ እያለ ካቀና በኋላ ላሜራውን እንደ ስብራት ማሰሪያ ከጎንና ከጎን አድርጎ በድሪል በሳና በአራት ብሎን አጠበቀው። ብሎኖቹ እንዳይላሉ እያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሁለት ዳዶ። "አሁን ከመኪናው በፊት አይሰበርም" አለ። ልጄ ፎቶ አነሣው። እኔ ሚስማር የሚያህል ነገር ሲሠራ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ማየት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል። አሳ አጥማጆቹ ሲገፍፉ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ተሰልፈው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ዛሬም ዓርብ ነው፤ ስለ አሳው ክርክር አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ወንዶ ገነት

ዛሬ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ተሰክታ ዋለች (እዚህ ኧርዝ ነበር)፤ እኛ ለመጣንበት ነገር ወጣን። በጥቁር ውሃ በኩል ወጥተን ወደ ወንዶ ገነት፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሼ ከፊት፣ ልጁ ከመሀል፣ እኔ ከኋላ። ጋሼ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ልጁን አንድ ነገር ብቻ አስተማረው፤ የፊት ጎማውን ከሱ የኋላ ጎማ አንድ ክንድ ያህል አርቆ መያዝ። "አስፋልቱን አትይ፣ የኔን ዳሌ እይ። እኔ ስቆም ታውቃለህ።" ልጁ ሲጠጋ "እ!" ይላል፣ ሲርቅ "ና!" ይላል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ፤ የሚሰማው የካቴናው ድምፅ ብቻ ሆነ። እኔ አንዴ ለመጠጣት ብዬ አሥር ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀረሁና ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ገባኝ፤ መቂ ላይ ያ 23 የሚል ቁጥር የነገረኝን አሁን ጭኔ ነገረኝ።

ሸንኮራው፣ ጫቱ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው ጉሬዛ። የመንደሩ ልጆች አብረውን እየሮጡ "አይዞሽ! አይዞሽ!" ይሉኛል፤ ለጋሼ ግን "አባባ በርታ!" መባሉ ቅር አሰኘው። ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ አንድ ሰዓት ተዘፈዘፍን። መልስ ላይ የልጄ ጎማ በግራር እሾህ ተበሳ፤ ጋሼ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ለጠፈለት። ከሰዓት በኋላ ከሀይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ፊት ለፊት ስለነበረ ሠላሳው ኪሎ ሜትር ስልሳ ሆነ። ማታ ጋሼ "ነገ ሲነጋ ነው የምንወጣው፣ ነፋሱ ሳይነሣ" አለ። ለመኪና ነው የሚያወራው።

እሑድ፣ ሀዋሳ – አዲስ አበባ

100 በመቶ ይዘን 12 ሰዓት ላይ። 275 ኪሎ ሜትር፣ መጨረሻው ዳገት። ባቱ ሳናድር በአንድ ቀን፣ መንገድ ላይ ሳንሰካ መድረስ እንፈልጋለን፤ ሲመሽም መንገድ ላይ መገኘት አልፈልግም። ጭነቱን ዛሬ የደለደለው ጋሼ ነው። የኋላውን ወንበር ግማሹን አጥፎ፣ የኔን ሳይክል ሁለቱንም ጎማ ፈትቶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ውስጥ አስገባው። የልጄ እግር ከካቴናው ጋር ተጣልቶ መጣ እንጂ ገባ። ጣሪያው ላይ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ የነሱንም የፊት ጎማ አወጣቸው፣ እጀታቸው ዝቅ አለ። እኔም ሦስት ጊዜ ተነሺ ተብዬ ነው ሻንጣው የገባው። በሩን ስንወጣ ጥበቃው ፊት ለፊቴ ቆመው፣ አግዳሚውን አይተው፣ ሳይክሎቹን አይተው፣ ደግመው አግዳሚውን አይተው ነው ያሳለፉኝ።

80 ላይ ፍጥነቱን አሰርኩት። 16 ተኩል፣ አንዳንዴ 17። የሚያልፈን ሁሉ አለፈን። ስናልፍ ሻሸመኔ ገና እየነቃች ነበር። ባቱ ላይ ያችን ፌሮ ለማየት ልጄ እንቁም አለ፤ ቆምን። ባለቤቲቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን ማለት ይቻላል፤ ፌሮዋ ዙሪያ ጎመን ተክለዋል። "ውሃ ካልጠጣች አይሠራም ብሎኝ ልጁ፣ ጎመኑን ሳጠጣ እሷም ትጠጣለች" አሉ።

ሞጆ 43 በመቶ። እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ ፈራ። ከዚህ ወዲያ ስንመጣ የተመለሰልን ሁሉ ሊከፈል ነው፤ ከ500 ሜትር በላይ መውጣት። ቢሾፍቱ ላይ እንሰካ ወይስ እንለፍ? ልጄ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራ፤ 27 በመቶ ይበላል፣ 16 ይተርፋል አለ። ጋሼ ሦስተኛ ጊዜ በአፉ ሠራው። አለፍን። ዳገቱ ላይ ስክሪኑ 25፣ 28፣ አንዴ 31 ሲያሳይ ላለማየት ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። ጋሼ ግን እያየ "እንዲህ ነው፣ እንዲህ ነው፣ ዳገት ላይ አትደንግጪ፣ እኩል ርገጪ" ይለኛል፤ ለኔ ይሁን ለመኪናዋ አልገባኝም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ያቺ ልጅ አልነበረችም፤ ብትኖር ጋሼ የሚላት አዘጋጅቶ ነበር።

ሰፈራችን ስንደርስ 16 በመቶ። ልጄ ትክክል ስለሆነ ሽልማት ጠየቀ። የግቢያችንን በር ልጁ ወርዶ ከፈተ። የኛ በር ከላይ አግዳሚ የለውም፤ ሰማይ ነው ያለው። እኔ ግን ሃያ ሜትር ሲቀረኝ ቆምኩ። ጋሼ ምንም ሳይለኝ ወረደ፤ ሳይክሉን ከጣሪያው አወረደና ጎማዋን ገጠመ። ሱሪውን በካልሲው ውስጥ ከተተ፤ ሰላሳ ሜትር ለማትሞላ መንገድ። ከፊቴ እየነዳ ገባ፤ እኔም አንድ ክንድ ያህል አርቄ ተከተልኩት።